ስኔሊንግና ዩኒቨርሲቲ፦ የአንድ መስቀለኛ መንገድ ትረካ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምተርክላችሁ የአንድ መስቀለኛ መንገድ ታሪክ ነው። ንጉሥ የለበትም፣ ዘመቻ የለበትም። ግን ገንዘብ አለበት፣ እሳት አለበት፣ ክስ አለበት፣ የብዙ ሰው እንጀራም አለበት።

ቦታው ሴንት ፖል ነው፣ ሚኒሶታ። ስኔሊንግ የሚባለው ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ደግሞ ከሴንት ፖል መሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ሚኒያፖሊስ ይዘልቃል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሰፈር ሚድዌይ ይባላል። ሚኒሶታ የኖረ ሐበሻ ይህን መስቀለኛ ሳያውቀው አይቀርም። ወይ ፋሲካ ምግብ ቤት ክትፎ ሊበላ መጥቷል፣ ወይ በርበሬና ጤፍ ሊገዛ መጥቷል፣ ወይ መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ዙሪያውን ሲዞር አምሽቷል። ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ የአገሩ መዝገብ በዚያ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና በፊት ነው። በ1890 ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ባቡር በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ መመላለስ ጀመረ። የባቡሩ ኩባንያ አውራ ቶማስ ላውሪ ጠበቃም፣ የመሬት ነጋዴም ነበር። ባቡርና መሬት ያኔም አብረው ይሄዱ ነበር። ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳ ሰፈር ይሆናል፣ ሰፈሩን ሱቅ ይከተለዋል፣ የመሬቱ ዋጋም ይወጣል። ኩባንያው አድጎ አድጎ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድና ከአንድ ሺህ በላይ ባቡሮች ነበሩት። ባቡሮቹን የሚሠራበት ትልቁ ወርክሾፕ የት የነበረ ይመስላችኋል? እዚሁ፣ ስኔሊንግና ዩኒቨርሲቲ ጥግ ላይ። ከተሜው ሁሉ የሚሳፈርባቸውን ሠረገላዎች አናጢውና ብረት ቀጥቃጩ እዚህ ገጣጥሞ ያስወጣቸው ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው መኪና መግዛት አበዛ። ኩባንያውም ትርፍ እንጂ ባቡር በማይታያቸው ሰዎች እጅ ገባ። መጨረሻ ላይ የጨበጠው ፍሬድ ኦሳና የሚባል ጠበቃ ነበር። በችኮላ ሐዲዱን አስነቀለ፣ በአውቶቡስ ተካ። በጁን 1954 ሚኒያፖሊስ ውስጥ የመጨረሻው ባቡር ጉዞውን ጨረሰ። የዚያን ጊዜ የተነሣ አንድ ፎቶ እስከ ዛሬ አለ፦ ከኋላ አንድ የእንጨት ባቡር እየነደደ፣ ከፊት ኦሳና ቼክ ሲቀበል። አዲሶቹ ባቡሮች ለኒው ጀርሲዋ ኒውዋርክ፣ ለክሊቭላንድና ለሜክሲኮ ሲቲ ተሸጡ። ወደ ኒውዋርክ የሄዱት እስከ 2001 ድረስ ሠርተዋል። ባቡሮቹ አርጅተው ነበር ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። ኦሳና ራሱ ከዚያ ንግድ ጋር በተያያዘ የማጭበርበር ወንጀል በ1960 ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ሐዲዱ ግን አልተመለሰም።

ባቡሩ ሲሄድ መኪናው ቦታ ጠየቀ። መጀመሪያ መንገድ ጠየቀ። ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ በስተደቡብ ጥቂት አለፍ ብሎ ሮንዶ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ክበቡ፣ ሱቁ የራሱ የሆነ የደራ ሰፈር። አገር አቋራጩ 94 ቁጥር አውራ ጎዳና ከ1956 እስከ 1968 ባለው ጊዜ መሀሉን ሰንጥቆት አለፈ። ከ600 በላይ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀቁ። ስለዚህ በደል የሴንት ፖል ከንቲባ ክሪስ ኮልማን በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2015 ነው። ሮንዶን አትርሱብኝ፤ ኋላ ላይ ትመለሳለች።

ቀጥሎ መኪናው ማረፊያ ጠየቀ። ከተሞቹ ደንብ አወጡ፦ ሱቅ ስትከፍት ይህን ያህል ማቆሚያ አዘጋጅ፣ አፓርትመንት ስትሠራ ለየቤቱ ማቆሚያ አዘጋጅ። ድግስ የሚደግስ ሰው ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ አልጋ እንዲያነጥፍ እንደ ማስገደድ ነው። እንግዳው ይደር አይደር የሚጠይቅ የለም። አንድ መኪና ከነመግቢያ መውጫው 30 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ይፈልጋል። አሥር መኪና 300 ካሬ ሜትር ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ምግብ ቤት አዳራሽ ይበልጣል። ለመኪናው ሕንፃም ተሠራለት፦ ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ 394 ቁጥር መንገድ ከሚያልቅበት አጠገብ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ግዙፍ የመኪና ሕንፃዎች አሉ። ሦስቱ አብረው ወደ 7000 መኪና ይይዛሉ። በእንዲህ ዓይነት ሕንፃዎች መግቢያ፣ በትንሿ የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ስንቱ ወገናችን አሜሪካ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ትኬት ሲቆርጥ፣ በትርፍ ሰዓቱም የትምህርት ደብተሩን ሲያገላብጥ እንደከረመ ቤቱ ይቁጠረው።

የእኛው መስቀለኛስ? የባቡሩ ወርክሾፕ የአውቶቡስ ጋራዥ ሆነ፤ ከጎኑ የገበያ ማዕከል ተሠራ፣ ፊቱም ሰፊ አስፋልት። ሥራ ሞልቶበት የነበረው መሬት ቆመው የሚውሉ መኪናዎች ሜዳ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ወደ እኛ ቤት የሚገባው እዚህ ነው።

ያ ደንብ በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት አስቡ። ስም አልሰጣትም፤ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ማታ በቤቷ እንጀራ ትጋግራለች፣ እቁብ ጥላ ገንዘብ አጠራቅማለች። የምትመኘው ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ደላላው ስልክ ይደውልላታል፦ «እትዬ፣ ቤት አግኝቼልዎታለሁ፤ ልብስ ቤት የነበረ ነው፣ ኪራዩም ደህና ነው።» ሄዳ ታየዋለች፣ ትወደዋለች። ከዚያ ከከተማው ቢሮ ጥያቄው ይመጣል፦ ልብስ ቤት የነበረው ምግብ ቤት ከሆነ የሚጠየቀው ማቆሚያ ይጨምራል፤ የት አለሽ? ከጎኑ ያለው መሬት የሌላ ሰው ነው። ከኋላ ያለው ጠባብ መንገድ ነው። ወይ ጎረቤት ለምና የማቆሚያ ውል ትጽፋለች፣ ወይ ለልዩ ፈቃድ ታመለክታለች፣ ጠበቃ ትይዛለች፣ ወራት ይሄዳሉ፣ ኪራይ ይከፈላል። አለዚያ ቤቱን ትተወዋለች። ትልቁ ኩባንያ እንዲህ አይቸገርም፤ መሬቱን ገዝቶ አስፋልት ያለብሰዋል። ደንቡ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነበር፤ የሚያጎብጠው ግን ትንሹን ነበር። ደንቡ ኋላ ተነሥቷል፤ እኔ በመነሣቱ የምደሰተው ከሁሉ በፊት በዚህች እናት ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ባቡሩ እንመለስ። በ2004 ከሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያውና ወደ ሞል ኦፍ አሜሪካ የሚሄደው ብሉ ላይን ተከፈተ። ቀጥሎ ሁለቱን ከተሞች በዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚያገናኝ ሌላ ባቡር ታቀደ። ስድሳ ዓመት ገደማ ሐዲድ ያልነበረው ጎዳና እንደገና ሐዲድ ሊነጠፍለት ሆነ። ሰው ደስ ይለዋል ብላችሁ ከሆነ፣ ጎዳናው ዳር ላሉት ባለሱቆች ነገሩ እንዲያ ቀላል አልነበረም።

መጀመሪያ የማቆሚያው ጉዳይ። ባቡሩ መሀል መንገዱን ሲይዝ በጠርዙ ላይ ከነበረው የመኪና ማቆሚያ 85 በመቶው ገደማ፣ አንድ ሺህ ያህል ቦታ፣ ይጠፋል ተባለ። ዳር ዳሩን ያሉት የቬትናም፣ የህሞንግ፣ የአፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ትናንሽ ሱቆች ናቸው። ብዙዎቹ ከኋላቸው የራሳቸው ግቢ የላቸውም። ደንበኛቸው በር ላይ አቁሞ፣ ገዝቶ የሚሄድ ነው።

ሁለተኛው የጣቢያው ጉዳይ። በምዕራብ በኩል ጣቢያዎቹ ቀረብ ቀረብ ብለው ሲታቀዱ፣ ድሃው በሚበዛበት በምሥራቁ በኩል ተራራቁ። ሃምሊን፣ ቪክቶሪያ እና ዌስተርን የሚባሉት ሦስት መንገዶች ጣቢያ የላቸውም ተባለ። ሰበቡ የፌዴራሉ መንግሥት ስሌት ነበር፤ ወጪውን ከሚቆጥበው የጉዞ ጊዜ ጋር ያመዛዝናል፣ ጣቢያ ሲጨመር ባቡሩ ይዘገያል፣ ነጥቡ ይወርዳል፣ ገንዘቡ ይቀራል። ባቡሩ በአውቶቡስ የሚኖረውን ሕዝብ ሳይጭን ደጁን አልፎት ሊሄድ ነበር። የሮንዶ ልጆች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ዝም አላሉም። የሰፈር ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ነጋዴዎች ተባብረው «ስቶፕስ ፎር አስ» የሚል ኅብረት መሠረቱ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ጠሩ፣ በየመድረኩ ተናገሩ፣ እስከ ዋሽንግተን ጮኹ። በጃንዋሪ 2010 የፌዴራሉ መንግሥት ስሌቱን ለወጠ፤ ሦስቱም ጣቢያዎች ገቡ። በዚያው ዓመት ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ማኅበር የሴንት ፖል ቅርንጫፍና የሮንዶ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛ ዶኖቫን ፍራንክ በጃንዋሪ 2011 በሰጡት ውሳኔ፣ ለባቡሩ የተደረገው የተጽዕኖ ጥናት ነጋዴዎች በግንባታው ወቅት የሚያጡትን ገቢ በሚገባ አልመረመረም አሉ። ግንባታውን ግን አላስቆሙም።

ከዚያ ሁለት የግንባታ ዓመት። በ2011 ምዕራቡ ተቆፈረ፣ በ2012 ምሥራቁ። አቧራ፣ አጥር፣ የተዘጋ መታጠፊያ፣ በር ላይ ጉድጓድ። ለትናንሽ ነጋዴዎች እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ፣ መስፈርቱን ላሟላ የሚሰረዝ ብድር ተዘጋጀ። ከሱቆች ጀርባ ያሉ ግቢዎችን አጣምሮ የጋራ ማቆሚያ ለማድረግም ከተማው ገንዘብ መደበ። ጠቅሟል፣ አልበቃም። ገበያው ለሁለት ዓመት የላላበት ሰው በ20,000 ዶላር የኪራይና የሠራተኛ ወጪውን አይሸፍንም። አንዳንዱ ዘጋ፣ አንዳንዱ ሰፈር ለቀቀ፣ አንዳንዱ ጥርሱን ነክሶ አለፈው።

ጁን 14 ቀን 2014 ባቡሩ ግሪን ላይን ተብሎ ተከፈተ። 11 ማይል፣ 23 ጣቢያ፣ 957 ሚሊዮን ዶላር። የእኛው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2015 ነው። እንግዲህ ሁለቱ ባቡሮች እኩዮች ናቸው። በሁለቱም ከተማ ሐዲዱ ሲያልፍ ባለሱቁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቋል፦ እስኪያልቅ በምን እኖራለሁ? ሲያልቅስ እዚህ እኖራለሁ ወይ?

ሐዲዱ ሲነጠፍ ደንቡም መቀየር ጀመረ። ሴንት ፖል በ2011 በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ዙሪያ አስገዳጅ ማቆሚያን አነሣች። ሚኒያፖሊስ ለመሀል ከተማዋ ቀድማ አንሥታ ነበር። በ2015 የምክር ቤት አባሏ ሊሳ ቤንደር ባቀረቡት ደንብ፣ አውቶቡስና ባቡር ቶሎ ቶሎ በሚመላለስበት አካባቢ ለሚሠሩ አፓርትመንቶች ግዴታው ቀረ ወይም ቀነሰ። በዲሴምበር 2018 «ሚኒያፖሊስ 2040» የተባለው የከተማዋ የረጅም ጊዜ ዕቅድ በምክር ቤቱ 12 ለ1 በሆነ ድምፅ አለፈ። በሜይ 2021 ሚኒያፖሊስ በመላው ከተማ አስገዳጅ ማቆሚያን ሰረዘች። በኦገስት ሴንት ፖል ተከተለች። የኒውዮርኳ በፋሎ በ2017 ቀድማ አድርጋው ነበር። የሎስ አንጀለሱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ በ2005 ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ ነጻ የሚባለው ማቆሚያ ነጻ እንዳልሆነ፣ ዋጋው በቤት ኪራይና በዕቃ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ መኪና የሌለውም ሰው እንደሚከፍለው ለፍልፈው ነበር። ሰሚ አገኙ።

ልብ በሉ፣ ማቆሚያ አልተከለከለም። መሥራት የሚፈልግ ይሠራል። የቀረው ግዴታው ነው።

ምን ተገኘ? ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ያወጣው ቁጥር አለ። ከ2017 እስከ 2022 ሚኒያፖሊስ የቤቶቿን ቁጥር 12 በመቶ አሳደገች፤ ኪራይ የጨመረው 1 በመቶ ብቻ ነው። በቀረው ሚኒሶታ ቤት 4 በመቶ ሲያድግ ኪራይ 14 በመቶ ወጣ። ይህን ሁሉ ያመጣው የማቆሚያው ደንብ ብቻ ነው አልልም፤ ከፍ ያለ ሕንፃ በአውቶቡስ መስመሮች ላይ መፈቀዱም አለ። ግን ከመሬት በታች አንዲት መኪና ለማሳደር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፤ ያን ወጪ የማይሸከም ቤት ረክሶ ይሠራል። ወር በገባ ቁጥር ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያሻውም።

መስቀለኛችንስ ምን ሆነ? በጁን 2016 ኤ ላይን የተባለው ፈጣን አውቶቡስ በስኔሊንግ ላይ ተጀመረ፤ ሁለቱን የባቡር መስመሮች ያገናኛል። የድሮው ወርክሾፕና ጋራዥ በነበረበት መሬት ላይ 19,400 ሰው የሚይዘው የአሊያንዝ ሜዳ ኳስ ስታዲየም በ2019 ተከፈተ። በዚያ ዓመት ግሪን ላይን ወደ 14 ሚሊዮን ጊዜ ተሳፋሪ ጫነ። በስኔሊንግ ላይ ከኢትዮጵያ በመጡት በጂን ገልገሉ የሚመራው የአፍሪካውያን የኢኮኖሚ ልማት ድርጅት ሰፈሩን «ሊትል አፍሪካ» ብሎ ሰየመው፤ ለነጋዴው ብድርና ሥልጠና ይሰጣል፣ በየዓመቱ ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው ግን እዚያው ስኔሊንግ ላይ ሕንፃ መግዛታቸውን ነው። ተከራይ ሰፈር ያደምቃል፣ ሰፈሩ ሲደምቅ ኪራይ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ይወጣል። ባለቤት አይወጣም።

ክፉ ቀንም መጣ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ በተገደለ ሰሞን፣ በሜይ 2020፣ ሚድዌይ ነደደ። ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጥግ የነበረው «ቦሌ» የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተቃጠለ። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ባለቤቶቹን አበረታ፤ ምግብ ቤቱ በሌላ የሴንት ፖል ሰፈር እንደገና ተከፈተ። የገበያ ማዕከሉ ፈረሰ። የኮሮና ወረርሽኝ የባቡሩን ተሳፋሪ አሳሳው፣ በባቡር ውስጥ ማታ ማታ የሚታየው ሥርዓት ማጣትም ብዙ እናቶችን አስፈራ።

ስለዚህ «መኪና ጥሉ» ለሚሉን ሰዎች እኔም የምላቸው አለኝ። ከወገናችን ብዙው በሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ነርስ ረዳት፣ መጋዘን ሠራተኛ፣ ጽዳት፣ ሹፌር። ግሪን ላይን ሲከፈት ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ነበር፤ በ2019 የሌሊቱ ጉዞ ተቆረጠ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሥራ የምትወጣ ሴት በሚኒሶታ ጃንዋሪ ጣቢያ ላይ ቆማ ልትጠብቅ አትችልም። በዚያ ላይ በረዶው አለ። ከተማው የበረዶ አዋጅ ሲያውጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ መኪና ማቆም በተራ ይከለከላል፤ ማስታወቂያውን ያልሰማ ሰው ጠዋት መኪናው ተጎትቶ ይጠብቀዋል፣ ማስለቀቂያውም የቀን ደመወዙን ይወስድበታል። የራሱ ማቆሚያ ያለው ሰው ይህን አያውቅም። ግቢ የሌለው አፓርትመንት ውስጥ የሚኖረው ግን በየክረምቱ ይቀምሰዋል። የማቆሚያ ግዴታ ከተነሣ በምትኩ የሌሊት አውቶቡስ መምጣት አለበት፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን አለመስጠት ግማሽ ሥራ ነው።

ፍርዴን ልናገር። ደንቡ መነሣቱ ትክክል ነበር፤ ትንሹን ነጋዴ ከማይችለው ሸክም ገላግሎታል። የዩኒቨርሲቲ አቬኑ ባለሱቆችም ትክክል ነበሩ፤ ሌላው የሚጠቀምበትን ባቡር ወጪ እነሱ በገበያቸው ከፍለዋል። ካሣ መሰጠት ያለበት አስፋልቱ ከመቆፈሩ በፊት ነው፣ ልኩም መሆን ያለበት የሚጠፋው ገቢ ነው። ይህን ያልተማረ ከተማ ሌላ መስመር ሲዘረጋ ያንኑ ሰው ይጎዳል።

አሁን ለእናንተ፣ እዚያው ላላችሁት። ሴንት ፖል ውስጥ የወረዳ ምክር ቤቶች አሉ፤ ማቆሚያ፣ ጣቢያ፣ አዲስ ሕንፃ የሚባለው ሁሉ ወደ ከተማው ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት እዚያ ይነሣል። ሃምሊን፣ ቪክቶሪያና ዌስተርን ጣቢያ ያገኙት እንዲህ ባሉ አዳራሾች ማታ ማታ ተቀምጠው በተናገሩ ሰዎች ነው። የስብሰባ ወረቀት በራችሁ ሲመጣ አትጣሉት። እንግሊዝኛችሁ ካላስተማመናችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሌሊት አውቶቡስ ጠይቁ፣ ከግንባታ በፊት ካሣ ጠይቁ። እቁባችሁን አጣምራችሁም የምትነግዱበትን ቤት ግዙ።